ከጥቁር ድንጋይ ላይ የበቀለ ክትክታ

ክትክታን የማያውቅ ደገኛ የለም ማለት ይቻላል። አፈሩ ታጥቦ ጭንጫው በቀረበት ዳገት ላይ፣ በመንገድ ዳር፣ በተራቆተ ጋራ ወገብ ላይ ይገኛል። ቅጠሉ ጠባብ ነው፣ ፀሐይ ሲመታው ያብረቀርቃል። እንጨቱ ጠንካራ ስለሆነ ለማገዶ ይቆረጣል፤ አጥር ይታጠርበታል፣ ግድግዳ ይማገርበታል፣ ዱላና የመሣሪያ እጀታም ይወጣዋል። ከብት እምብዛም አይደፍረውም። ይህ ሁሉ አገልግሎት እያለው ግን ከቁም ነገር የሚቆጥረው ጥቂት ነው። «ክትክታ ብቻ የቀረበት» ከተባለ መሬቱ አለቀለት ማለት ነው።

በሰላማዊ ውቅያኖስ መካከል፣ ከሰሜን አሜሪካ ጠረፍ ወደ 3,800 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ፣ ይኸው ተክል የሚታወቀው በሌላ ሥራ ነው። የሃዋይ ሰዎች አአሊኢ ይሉታል። እሳተ ገሞራ ተፍቶት ከቀዘቀዘ ብዙም ያልቆየ ላቫ ላይ፣ አፈር በሌለበት ድንጋይ መሐል፣ ቀድመው ሥር ከሚሰዱ ቁጥቋጦዎች አንዱ ነው። የዕፅዋት ሊቃውንት ሁለቱንም ዶዶኔያ ቪስኮሳ ከሚባለው ዝርያ ይመድቧቸዋል፤ የእኛውን ቅጠለ ጠባብ ዓይነት ለብቻው አንጉስቲፎሊያ ብለው የሚጠሩም አሉ። ዶዶኔያ የሚለው መጠሪያ በ16ኛው መቶ ዘመን ለኖረው ፍላንደርሳዊ ሐኪምና ዕፅ አዋቂ ለሬምበርት ዶዶንስ መታሰቢያ የተሰጠ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው፣ ባዶ ድንጋይ ላይ ቁጥቋጦ በምን ይኖራል? የሚል ነው። መልሱን ለማግኘት መጀመሪያ ድንጋዩን ማወቅ ያስፈልጋል። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የሃዋይ ደሴት ከደሴቶቹ ሁሉ ትልቋና ለጋዋ ናት። የተሠራችው ከባሕር ወለል እየተደራረቡ በወጡ እሳተ ገሞራዎች ሲሆን፣ ከእነዚህ መካከል ማውና ሎአና ኪላዌያ ዛሬም አልበረዱም። ማውና ሎአ 4,169 ሜትር ከፍታ አለው። በ1984 ከፈነዳ በኋላ 38 ዓመት ዝም ብሎ ቆየና በ2022 መጨረሻ እንደገና ተነሣ። ኪላዌያማ ዕረፍትም የለው። ከ1983 እስከ 2018 ድረስ ከሞላ ጎደል ሳያቋርጥ ላቫ ሲያፈስ ኖሮ፣ በመጨረሻው ዓመት በስተምሥራቅ ባለው የፑና ወረዳ መንደሮች መሐል መሬቱ ተሰንጥቆ ከ700 በላይ ቤቶችን በላ። ከኪላዌያ ገጽ 90 በመቶ ያህሉ 1,000 ዓመት ገደማ እንኳ ያልሞላው ድንጋይ ነው። ከላሊበላ ቤተ መቅደሶች ብዙም የማይበልጥ ዕድሜ ያለው የተራራ ገጽ ማለት ነው።

ላቫው ሲወጣ ሙቀቱ ከ1,100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነው። ገጹ ቶሎ ይጠቁራል፣ ውስጡ ግን በቀላሉ አይበርድም። በ1959 በኪላዌያ ኢኪ ጉድጓድ ውስጥ የተጠራቀመው የላቫ ሐይቅ እስከ ታች ድረስ ሙሉ በሙሉ ለመጠጠር 35 ዓመት ያህል ፈጅቶበታል። አቀዛቀዙና አፈሳሰሱ ደግሞ ሁለት ዓይነት ድንጋይ ይሰጣል። ዓለም ሁሉ የሚጠራቸው በሃዋይ ስማቸው ነው። አንደኛው ፓሆይሆይ ነው፤ ገጹ ለስላሳና የተጠቀለለ፣ ሰው ሊራመድበት የሚችል። ሁለተኛው አአ ይባላል። እርሱ ታርሶ የደረቀ የመረሬ ጓል ይመስላል፤ ልዩነቱ ጓሉ ብርጭቆ ሆኖ ጫማ መቅደዱ ነው።

በዚህ ድንጋይ ላይ ለተክል የሚሆን ምን አለ? ሰው እንደሚገምተው ምንም የለም ማለት አይደለም። ባዛልት ፎስፈረስ፣ ካልሲየም፣ ማግኒዥየም፣ ፖታሽየም፣ ብረት አለው። እነዚህ ድንጋዩ በዝናብና በአሲድ እየተበላ ሲሄድ በጥቂት በጥቂቱ ይለቀቃሉ። ጨርሶ የሌለው ናይትሮጅን ነው። የምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ቢሆንም ተክል ከአየር በቀጥታ ሊወስደው አይችልም፤ ሌላ ሕያው ነገር መጀመሪያ ሊለውጥለት ይገባል። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ፒተር ቪቶውሴክና ባልደረቦቹ በሃዋይ ደሴቶች ላይ ለብዙ ዓመታት ባካሄዱት ጥናት ያሳዩት አንድ ነገር ይህ ነው። ለጋ ላቫ ላይ ዕድገትን የሚያንቀው የናይትሮጅን እጥረት ነው። በሚሊዮን የሚቆጠር ዓመት ባስቆጠሩት በሰሜን ምዕራብ ደሴቶች ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚያ ናይትሮጅኑ ሞልቶ የጎደለው ዝናብ አጥቦ የጨረሰው ፎስፈረስ ነው። ያረጀ አፈር ከሕፃኑ ላቫ ባልተናነሰ ይራባል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ሌላው ችግር ውኃ ነው። ውኃ ሲባል ግን ዝናብ ብቻ አይደለም። ዝናብ ቢዘንብም አዲስ ላቫ አይዝም፤ በስንጥቁ ሰርጎ ወደ ታች ይጠፋል። ቀኑ ሲጠራ ጥቁሩ ድንጋይ ፀሐይዋን ስለሚውጥ ገጹ ከ50 ዲግሪ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ ባላለ ቦታ ላይ ያለ አዲስ ላቫ፣ በዓመት ውስጥ ብዙ ዝናብ ቢያገኝም፣ ለችግኝ በረሃ ነው።

የመጀመሪያው ነዋሪ እንግዲህ ተክል አይደለም። ላቫው በቀዘቀዘ በሳምንታትና በወራት ጊዜ ውስጥ ክንፍ የሌለው ትንሽ የፌንጣ ዘመድ ይመጣል። ቀን ስንጥቅ ውስጥ ተደብቆ ይውልና ሌሊት ወጥቶ ነፋስ ያመጣውን የቅጠል ስብርባሪና የሞተ ነፍሳት ይለቅማል። ተክል መብዛት ሲጀምር ቦታውን ለቆ ወደ ሌላ አዲስ ላቫ ይሄዳል። ከእርሱ ቀጥሎ የድንጋይ ሽበት ዓይነት ግራጫ ላይከን ገጹን ይሸፍናል። ላይከኑ በውስጡ ከአየር ናይትሮጅን መያዝ የሚችሉ ባክቴሪያዎችን አስጠግቶ ይኖራልና፣ ለመሬቱ የመጀመሪያውን ማዳበሪያ የሚያቀብለው እርሱ ነው። ፈርኖችም በደቂቅ ዘራቸው ይደርሳሉ። ከዛፎች ሁሉ ቀድሞ የሚመጣው ኦሂአ የተባለው ቀይ አበባ ያለው ዛፍ ነው፤ ዘሩ ከትቢያ ስለማይሻል ነፋስ የትም ያደርሰዋል። ክትክታ ከእነዚህ ጋር፣ አንዳንዴም ትንሽ ዘግየት ብሎ ይገባል። «ፈር ቀዳጅ» የሚለው ማዕረግ የአንድ ተክል ብቻ አለመሆኑን እዚህ ላይ ልብ ይሏል።

ኪላዌያ ኢኪ ከ1959ኙ ፍንዳታ በኋላ ለተመራማሪዎች ክፍት የትምህርት ቤት ሰሌዳ ሆኗል። ጋሬት ስማዘርስና ዲተር ሙለር ዶምቦይስ የተባሉ የዕፅዋት ተመራማሪዎች አመድ በሸፈነውና ላቫ በሞላው መሬት ላይ ምን መቼ እንደበቀለ ለዓመታት እየመዘገቡ ቆይተው በ1974 መጽሐፍ አድርገው አወጡት። በጉድጓዱ ወለል ላይ ዕፅዋት የገቡት ድንጋዩ በቀዘቀዘበት ቅደም ተከተል ነው፤ መጀመሪያ ከዳር፣ ኋላ ወደ መሐል። ሁሉም ማለት ይቻላል ሥር የሰደዱት በስንጥቅ ውስጥ ነው።

ስንጥቁን ጠጋ ብለን እንየው። ላቫ ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ገጹ ይሰነጣጠቃል፤ አንዳንዱ የጣት ወርድ፣ አንዳንዱ እግር የሚያስገባ ይሆናል። ነፋስ የጠረገው ሁሉ እዚያ ይገባል። ከፍንዳታው የተረፈ ጠጠር፣ ስሙ ፔሌ ከተባለችው የእሳተ ገሞራ አምላክ ተወስዶ «የፔሌ ፀጉር» የተባለው የብርጭቆ ክር ስብርባሪ፣ የደረቀ ፈርን፣ የነፍሳት ክንፍ፣ ከሩቅ የመጣ አቧራ። ከውጭ ሲታይ ድርቅ ያለ ድንጋይ ነው፤ እጅ ሰደድ ሲያደርጉ ግን ውስጡ ጥላና ቅዝቃዜ አለው፣ ጠዋት ላይ እርጥበትም ይገኝበታል። አንድ እፍኝ የማትሞላ ይህች ነገር ናት የወደፊቱ አፈር። በመሐሏ ደግሞ ርዝመቷ ከጣት የማይበልጥ፣ ቅጠሎቿ የሚያብረቀርቁ አንዲት የክትክታ ችግኝ ቆማ ትገኛለች።

እንዴት መጣች? ለዚህ ፍሬውን ማየት ይበቃል፤ እርሱ ደግሞ እዚሁ አገራችን ስላለ ማንም ሊያየው ይችላል። አንድ የበሰለ ፍሬ ቆርጣችሁ መዳፋችሁ ላይ አድርጉት። እንደ ወረቀት የሳሳ ሆኖ ከሁለት እስከ አራት ክንፍ አለው። ለጋው አረንጓዴ ነው፣ ሲበስል ሮዝ ወይም ደማቅ ቀይ ይሆናል፣ ሲደርቅ ቡናማ ሆኖ በጣት ሲነካ ይንኮሻኮሻል። ክንፎቹን ለያይታችሁ ስትከፍቱት ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የማይበልጡ ድብልብል ጥቁር ዘሮች ይወድቃሉ። ክንፉ ለነፋስ ነው። ሜዳማ ላቫ ላይ የደረቀ ፍሬ እየተንከባለለ ይሄድና ስንጥቅ ሲያገኝ ይቆማል። ዘሩም የሚፈልገው እዚያው ነው።

ዘሩ ራሱ የተለየ ተንኮል አለው። ልባሱ ውኃ አያስገባም። ጤነኛ የክትክታ ዘር ውኃ ውስጥ ቢዘፈዘፍ ሳምንታትን ደረቅ እንደሆነ ሊያሳልፍ ይችላል። ልባሱ ካልተፋቀ፣ ካልተሰነጠቀ፣ ወይም ትኩሳት ካልከፈተው አይበቅልም። ይህ መጥፎ ጠባይ ሊመስል ይችላል፤ በእርግጥም ችግኝ አፍይን ያስቸግራል። ላቫ ላይ ግን ያዋጣል። ዘሩ ሁሉ በአንድ ዝናብ ተነሥቶ በተከታዩ ደረቅ ወር አያልቅም፤ ከፊሉ ዘንድሮ፣ ከፊሉ ከርሞ፣ ከፊሉ ከብዙ ዓመት በኋላ ይነሣል። ልባሱ ከጨው ውኃም ስለሚከላከል ዘሩ ባሕር ላይ ተንሳፍፎ መጓዝ ይችላል።

ያ ጉዞ ደግሞ ቀላል አይደለም። ዶዶኔያ በሚለው ስም ከሚጠሩት 70 ያህል ዝርያዎች አብዛኞቹ የሚገኙት በአውስትራሊያ ብቻ ነው። በ2009 የወጣ የዘረ መል ጥናት እንዳመለከተው ክትክታም ከዚያው ተነሥቶ ባለፉት ሁለት ሚሊዮን ዓመታት ገደማ ውስጥ ዓለምን ያዳረሰ ነው። በምድር ታሪክ ይህ እጅግ አጭር ጊዜ ነው። ዛሬ በኒው ዚላንድ፣ በአሪዞና፣ በሜክሲኮ፣ በሳዑዲ ዓረቢያ የአሲር ተራሮች፣ በየመን፣ በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ ይገኛል። እዚህ ላይ አንድ የሚገርመኝ ነገር አለ። እርስ በርስ ያልተገናኙ ሕዝቦች እንጨቱን ለአንድ ዓይነት ሥራ ነው የመረጡት። ማኦሪዎች የጦር ዱላ ሠሩበት፤ ሃዋያውያን የመቆፈሪያ በትርና የቤት ምሰሶ አደረጉት፤ እኛም ዱላና እጀታ እናደርገዋለን። ሃዋያውያን በተጨማሪ ቀዩን ፍሬ በአንገት ጌጥ ይጎነጉኑታል፣ ከልጥ ለሚሠሩት ልብስም ቀይ ቀለም ያወጡበት ነበር። የአውስትራሊያ ሰፋሪዎች ደግሞ ሆፕስ የተባለው የቢራ ጌሾ ቢጠፋ ፍሬውን ለቢራ ሞክረውታል።

ወደ ችግኟ እንመለስ። በቅላለች፤ አሁን መኖር አለባት። የክትክታን ቅጠል በጣታችሁ ብታሹት ሙጫማ ነገር ይይዛችኋል፤ የሚያብረቀርቀውም ይኸው ነው። ሙጫው ውኃ ከቅጠሉ በቀላሉ እንዳይተን ይከላከላል፣ ለነፍሳትና ለእንስሳትም ምግቡን ያስጠላል። ናይትሮጅን በሌለበት አገር ቅጠል ማስበላት ትልቅ ኪሳራ ነውና። ቅጠሉን በደረቅ ወራት አያረግፍም፤ አንዴ በብዙ ልፋት የሠራውን ረጅም ጊዜ ይጠቀምበታል። ሥሩ ስንጥቁን ተከትሎ ወደ ጥልቁ ይወርዳል፣ ከአፈር ፈንገሶችም ጋር ተዋውሎ ፎስፈረስ ይቀበላል። አበባው ለንብ የሚሆን መልካም መልክ የለውም፤ አበባ ቅጠልም የለው። የሚያዳቅለው ነፋስ ነው። ነፍሳት ገና ባልበዙበት ላቫ ላይ ይህም ይጠቅመዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ወንዴና ሴቴ አበቦች በተለያዩ ተክሎች ላይ ስለሚወጡ ግን ብቻዋን የበቀለች ሴት ክትክታ ነፋስ የሚያመጣላትን ዱቄት መጠበቋ አይቀርም።

ቁመቱም እንደ ቦታው ነው። ደህና አፈርና መጠለያ ካገኘ እስከ አሥር ሜትር ሊደርስ የሚችል ዛፍ ይሆናል። ነፋስ በሚገርፈው ጠረፍ ላይ መሬት ለመሬት ይተኛል። ከባሕር ዳር ጀምሮ እስከ 2,350 ሜትር ገደማ ድረስ ይታያል። በደሴቲቱ ደቡብ ያለው የካኡ ወረዳ ነፋስ የማያርፍበት አገር ነው፤ የካኡ ሰዎች ራሳቸውን ነፋስ ከማይጥለው አአሊኢ ጋር እያመሳሰሉ ይኮራሉ።

በዚያው በካኡ፣ ካሁኩ በሚባለው አካባቢ፣ የ1868፣ የ1887 እና የ1907 የማውና ሎአ ላቫዎች በአንድ ቁልቁለት ወርደዋል። ለተማሪ ከዚህ የተሻለ መጽሐፍ አይገኝም። ድንጋዩ አንድ፣ አየሩ አንድ፣ የሚለየው ዕድሜው ብቻ ነው። በላቫዎቹ መካከል ደግሞ ጅረቱ ከብቦ ያለፋቸው፣ ያልተቃጠሉ የቀድሞ ደን ቁራጮች አሉ፤ ኪፑካ ይባላሉ። ዘር ወደ አዲሱ ድንጋይ የሚመጣው ከእነዚህ ነው። ኪፑካ አጠገብ ያለው ላቫ ቶሎ ይለብሳል፣ ከሩቁ ደግሞ ለረጅም ጊዜ ጥቁር ሆኖ ይኖራል።

ከዕድሜም ከርቀትም የሚበልጠው ግን ዝናብ ነው። በምሥራቅ ያለችው ሂሎ በዓመት ከ3,000 ሚሊ ሜትር በላይ ታገኛለች፤ በዚያ ወገን ላቫ በመቶ ሃምሳ ዓመት ውስጥ ደን ሊሆን ይችላል። በምዕራብ የካዋይሃይ አካባቢ 300 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ እዚያ የመቶ ዓመቱ ላቫ ትናንት የፈሰሰ ይመስላል። የእኛን ኤርታ አሌ ያየ ሰው ላቫ ላይ ምንም የማይበቅል ቢመስለው አይፈረድበትም። የኤርታ አሌም ድንጋይ ያው ባዛልት ነው። ደናክል የተራቆተው በድንጋዩ ክፋት ሳይሆን ዝናብ በማጣቱ ነው፤ ክትክታም እዚያ አይደርስም።

ክትክታ በሃዋይ ላቫ ላይ ብቻውን አይደለም። ጎረቤቱ ኦሄሎ የተባለች አጭር ቁጥቋጦ ናት፤ የትም ሌላ አገር የማትገኝ፣ ቀይ ፍሬዋ የሚበላ። ፍሬዋ የፔሌ ስለሆነ ሰው ከመቅመሱ በፊት ለአምላኳ ወደ እሳተ ገሞራው ጉድጓድ መወርወር ነበረበት። በ1824 ካፒኦላኒ የተባለች ባላባት ክርስትናን ተቀብላ ወደ ኪላዌያ ወረደችና ለፔሌ ሳትሰጥ ፍሬውን በላች። ምንም አልደረሰባትም፤ ወሬው ግን ደሴቶቹን አዳረሰ። ይህችኑ ፍሬ ኔኔ የተባለው የሃዋይ ዝይ ይወዳታል። በ1950 አካባቢ የዱሩ ኔኔ ወደ 30 ገደማ ወርዶ ነበር፤ በእንክብካቤ ዛሬ በሺዎች ይቆጠራል።

ስለ ጠላቶቻቸውም ማንሳት ግድ ነው። ከአዞረስና ከማዴይራ በፖርቱጋል ስደተኞች የመጣ ፋያ የሚባል ዛፍ አለ። ሥሩ ላይ ባሉ ተህዋስያን አማካይነት ናይትሮጅን ከአየር ይይዛል። ደግ ሥራ ይመስላል። ነገር ግን የሃዋይ ላቫ ተክሎች የለመዱት ረሃብን ነው፤ ፋያ መሬቱን ሲያጠግበው የሚያተርፉት ሌሎች የውጭ አረሞች ናቸው። ከዚህ የባሰው ለጌጥ ተብሎ ከአፍሪካ የተወሰደ ሣር ነው። ቀድሞ በላቫ ላይ እሳት የሚጎርሰው ነገር አልነበረም። ሣሩ በተክሎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ሞልቶ ሲደርቅ እሳት ከጫፍ ጫፍ ይሮጣል። ክትክታ እዚህ ላይ ከጎረቤቶቹ ይሻላል፤ የአውስትራሊያ ልጅ ነውና፣ ትኩሳት የዘሩን ልባስ ስለሚከፍት ከቃጠሎ በኋላ ችግኙ ይፈላል። እሳቱ ቶሎ ቶሎ ከተመላለሰ ግን እርሱም ዘር ሳይሰጥ ያልቃል።

አሁን ወደ አገራችን ዳገት እንምጣ፤ ነገሩ የሚያገናኘን በስም ብቻ አይደለም። የሰሜን ደጋችን፣ ሰሜን ተራሮችን ጨምሮ፣ የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በተደራረበ ላቫ የተገነባ ባዛልት ነው። ኪላዌያ ዛሬ የሆነውን የእኛም ምድር አንድ ጊዜ ሆናለች። መረሬውም ሆነ ቀዩ አፈር የዚያ ድንጋይ ብስባሽ ነው። ጎርፍ ይህን አፈር ጠርጎ ሲወስድ መሬቱ ወደ መነሻው ይመለሳል፤ አፈር ወዳልነበረበት ዘመን። ያን ጊዜ ደግሞ አፈር በሌለበት መኖር የሚያውቀው ተክል ብቅ ይላል። ክትክታ የበዛበት ዳገት አልቆለታል የምንለው ምልክቱን በትክክል አይተን ትርጉሙን ስተን ነው። መሬቱን ያራቆተው ክትክታ አይደለም። እርሱ ካለ ቢያንስ ጥላ አለ፣ የሚረግፍ ቅጠል አለ፣ ጎርፍ የሚያዘገይ ግንድ አለ፣ አቧራ የሚይዝ ሥር አለ። በእኔ ግምት ከተራቆተ ዳገት ላይ ክትክታን መንጥሮ ባሕር ዛፍ መትከል እርሱ የጀመረውን ሥራ ማቋረጥ ነው። ይህን ስል ክትክታ ብቻውን ደን ይሆናል እያልኩ አይደለም። ወይራና ጽድ በአቅራቢያ ከሌሉ፣ ዘራቸውን የሚያመጣ ወፍ ከሌለ፣ ክትክታው ለብዙ ዘመን ክትክታ ሆኖ ይቀራል። ሃዋይም ላይ ኪፑካ የሌለው ላቫ እንደዚያው ነው።

ክትክታን ከዘር ማፍላት ለምትፈልጉ ይህን ያዙ። ፍሬው ቡናማ ሆኖ ሲደርቅ፣ ነፋስ ሳይወስደው ልቀሙት፤ በእጅ አሽታችሁ ክንፉን አበጥሩና ጥቁሩን ዘር ለዩ። ዘሩን በወንፊት አድርጋችሁ ፈልቶ በሚንተከተክ ውኃ ውስጥ ለጥቂት ሴኮንዶች ብቻ ንከሩት፣ ከዚያ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አሳድሩት። ያበጠው ይበቅላል፤ ያላበጠውን እንደገና ንከሩት። አፈሩ አሸዋና ጠጠር የበዛበት ይሁን፣ ፀሐይ ያግኝ፣ ውኃ አታብዙበት። ፍግም አያስፈልገውም።